የውሃ ፍቺ

ቶያማ በታኅሣሥ ፀሐይ በራሽን ናት፤
ሁለት ሰዓት ታይታ ደመና ወሰዳት።
እኛ ግን በዚያው አገር፣ ጣሪያ ላይ ወጥተን፣
"ውሃን በፀሐይ ብርሃን እናፋታ" ብለን፣
ቀን በረዶ እንዝቃለን፣
ሌት በአምፖል ፀሐይ እንሠራለን።

ሺዙኖ የእቶኑ ሰው ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት
ጽዋ ስታጥብ፣ ዱቄት ስትፈጭ፣ እሳት ስትጠብቅ ሌሊት።
ዲግሪ የላትም፤ ጓንቷ አውራ ጣቱ ላይ ተጥፏል፤
እቶኑ ስንት እንደደረሰ በድምፁ ብቻ ይገባታል።
ፍቺም ታውቃለች። የአገሯ የፍቺ ቅጽ
መስመሩ አረንጓዴ ነው። ማኅተሟን መትታ ሰጠች፣
ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ሥራዋ መጣች።
"ቀላሉ" አለችኝ አንድ ቀን፣ "ማኅተሙን ማድረቅ ነው፤
የሚከብደው ከተፋቱ ወዲያ ተመልሶ አለመምጣት ነው።"

ውሃም ላይ ያቃተን ይኸው ነበር።
ብርሃን ዱቄቱን ሲመታው አንዲት ኤሌክትሮን ትነሣለች፤
መቀመጫዋን ባዶ ትታ ወደ ውሃው ትገሠግሣለች።
ባዶው ግን ይጠራታል። መንገዱም ጉድጓድ ይበዛዋል፤
አንዱ ያደናቅፋታል፣ ሌላው እጇን ይይዛታል።
ውሃው ደጃፍ ሳትደርስ ተመልሳ ቁጭ ትላለች፤
ያ ሁሉ ብርሃን ባክኖ፣ ለብ ያለ ውሃ ታወርሰናለች።

ፕሮፌሰር ኩራሞቺ መድኃኒቱን ያውቁ ነበር፦ ንጽሕና።
ሦስት ጊዜ የታጠበ የፕላቲነም ጽዋ፣ አሁንም ንጽሕና፤
"ባዕድ አቶም አይግባ" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ተለጥፎ፣
ዳሩ በእንፋሎት ተጠቅልሎ፣ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ገፎ።

አንድ ምሽት ያ ጽዋ ተሰነጠቀ።
መንገዱ በበረዶ ተዘግቷል፤ ባቡሩም ከእኩለ ቀን ጀምሮ ቆሟል።
ሺዙኖ ከመደርደሪያው ሥር፣ ጠርዙ የተሸረፈ
ነጭ የአሉሚና ጽዋ አወጣች፤ አቧራውን እፍ አለች።
ስትሮንቲየሙን ከታይታኒየሙ፣ ከጨውም ጋር አዋህዳ፣
በሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ዲግሪ፣ ለዐሥር ሰዓት ጥዳ፣
ወንበሯ ላይ አሸለበች። መዝገቡን ሞልታ ነበር፤
ከጽዋው ስም በቀር።

ጠዋት መብራቱን አበራሁ። ምንም። ከዚያ አንዲት አረፋ
ሰናፍጭ ታክላለች፣ ከመስታወቱ ግርጌ ተነሥታ ስትጠፋ፤
ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያማ መቁጠር ተውኩ፤
ፓምፑ አየር የሳበ መስሎኝ ቱቦውን ነቀነቅኩ።
ውሃን ያስጮኸው ድንጋይ ነው፤
ያን ዕለት ግን ድንጋዩን ማን እንዳስጮኸው?

"ምን ጨመራችሁ?" አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ካፖርታቸው በረዶ እንደለበሰ።
"ምንም" አልኩ፤ ድምፄ ግን አነሰ።
ሺዙኖ ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።
ውስጡ ነቀዝ እንደበላው ባቄላ ነበር።
"የጨመረው እሱ ነው" አለች፣ "ከራሱ።"

ከግድግዳው የተፋቀ አሉሚኒየም፣ ቅንጣት፣
ባዕድ አትግባ የተባለ፣ ገብቶ፣ ጉድጓዱን ሞልቷት፣
መንገደኛዋ አልፋ ነበር።
ወረቀቱን ከበሩ ላይ ማንም አላነሣውም፤
አንድ ሰው በእርሳስ ግን "ከጽዋው በቀር" ብሎ ጨመረበት፤
ጽሕፈቱ የፕሮፌሰሩን ይመስላል።

በመጋቢት ሰማዩ ሲከፈት ዱቄቱን በመስታወት ቀብተን፣
ጣሪያው ላይ አጋድመን፣ ስስ ውሃ አለበስን።
ፈላ፤ ሳይሞቅ ፈላ። ሆኖም ሒሳቡ ሲሠራ
ከመቶ የብርሃን እጅ አንዱን እንኳ ሙሉ አልያዝንም።
ሁለቱ ጋዞች ደግሞ ባንድ ቱቦ ይወጣሉ፤
ብልጭታ ያገኛቸው እንደሆን፣ ጣሪያውን አንሥተው ይታረቃሉ።
"እኔና እሱም እንዲሁ ነበርን" ብላ ሺዙኖ ሳቀች፤
አካፋዋን ተደግፋ ወደ ባሕሩ አየች።

አሁን መዝገባችን ላይ "ጽዋ" የሚል አምድ አለ፤
ሳይጣድ የመዘነው፣ ከእቶን ሲወጣ የመዘነው።
ልዩነቱ ከጨው ቁንጥር ያንሳል።
ትናንት ጣቷን እሱ ላይ አሳርፋ፣ "ፍቺው እዚህ ነው" አለች፤
የቱን ፍቺ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።
ከባሕሩ በኩል ደመና እየመጣ ነበር።