… ስላደረጉ

ቅጹ ባለ ማኅተም፣ ከግርጌው ላይ ፊርማ፣
ከአናቱ ቀበሌው፣ ከጎኑ ቀን፣ ጅማ፤
መሃሉ ነው ጣጣው፤ ባዶ መስመር አለ፣
አንድ ስንዝር ሄዶ «ስላደረጉ» ያለ።
መብራት ጠፍቶብናል። ማተሚያው ዝም ብሏል።
አለቃዬ በበሩ አንገቱን አስግጎ
«በእጅህ ጻፈው» አለኝ፣ ጃንጥላ ፈልጎ፤
ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳይነግረኝ ሄዷል።

ተሸላሚዎቹን መች አጣኋቸውና!
የጅሬን ባለሞተር፣ ከጎህ በፊት ገና
ቁልቁለቱን ይዘው ሲያንባርቁ ሰምቼ
ስንቴ ረግሜያለሁ ከእንቅልፌ ነቅቼ።
(አልዋሽም፣ አንዴማ ክስ ጽፌ ነበረ፤
መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ሳይፈረም የቀረ።)

በበጋማ ማንም ወደ ጫፌ ጉዳ
ይነዳል፣ ይሄዳል፣ አይከፍልም ዕዳ።
ክረምት ነው ጉዳዩ። ሐምሌ አንዴ ከጣለ
ቀዩ ጭቃ የዋጠው ጎማ እስከ መስከረም እዚያው ሰነበተ፣ ዋለ።
ሰፈሩ እንደ ደሴት ብቻውን ይከርማል፤
ጨው ካለቀ አለቀ፣ የታመመ ይታመማል።

እነ ናዚፍ መጡ፤ ማንም አልጠራቸው።
አካፋው የጣሃ፣ ገመዱ የቤታቸው፣
ከየጉዞው ሒሳብ አንድ ብር፣ ሁለት ብር
በወተት ጣሳ ውስጥ ለጠጠር ሲቆጠር
እሁድ አልቀራቸው። ባሕር ዛፍ ደርድረው፣
ድንጋዩን በጉልበት አስጠግተው፣ ሰክተው፣
የውሃ መሄጃ ከሰው ተለየ።
ወልደየስ ነው ያለኝ፣ ቦዩን እያሳየ፦
«ጭቃ ጠላት አይደል፤ ውሃ ነው ቤት ያጣ፤
ቤት ስጠው፣ ዝም ይላል፤ ከሰው ደጅ አይመጣ።»

ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ጭጋግ በሚተኛበት፣
ችካል ተክለዋል
ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት ቀደው ያሰሩበት፤
ሌሊት የሞተር መብራት ሲነካው ያበራል፣
«በዚህ በኩል አትለፍ» ይላል።

አባ ፊጣ አሉልህ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ
ጉንጫቸውን በሻሽ አስረው የሚውሉ።
ራያ ከኋላው አፈናጦ ሲያመጣቸው
«ቀስ በል!» እያሉ ጆሮውን ይዘው በእጃቸው፣
ጥርሱን ከተማ ጥለው ተመለሱ ስቀው፤
የራያ ጆሮ ነው እስካሁን የሚያመው።

ይሄ የት ይገባል? «ጥርስ» ብዬ ልጻፍ?
በስንዝር መስመር ላይ ስንት እሁድ ይሰለፍ?

የስም ዝርዝሩ ደግሞ «አሥራ አንድ ናቸው» ይላል።
አሥራ ሁለተኛው ልጅ የት ላይ ተረስቷል?
ኢምራን፣ የጣሃ ወንድም፣ ዕድሜው አሥራ አራት፣
ሞተር የለው፣ ፈቃድ የለው፤ ያለው የእጅ መብራት፣
ሌሎች ሲቆፍሩ ዝናብ ላይ የሚያበራ።
«አባል አይደለም» አለኝ አለቃዬ፣ «ደንብ አለ፣ ተጠንቀቅ፣ አደራ።»
ጥጉን ቀለም የነካው አንድ ትርፍ ቅጽ ነበረኝ።
ስሙን ጻፍኩበት። ደንቡ እኔን ይጠይቀኝ።

ባዶው መስመር ላይም፣ ሻማው ሊያልቅ ሲል፣
አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሳልሰርዝ፣ ሳላጎድል፦
«ክረምቱን መንገድ ስላደረጉ»።

አዳራሹ ቆርቆሮ፣ ዝናቡም አላባራም፤
ባለሥልጣኑ ያሉት ለማንም አልተሰማም።
እነሱ በቦቲ ገቡ፤ ቦቲያቸው ወለሉ ላይ
ያተመው ቀይ ማኅተም
ከእኔው ማኅተም ይደምቅ ነበር።
ናዚፍ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ
«ገለቶማ» አለ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፤
ቀጥሎም፦ «ሁለት ቢያጆ ጠጠር አብሮ አልተላከም?»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ዛሬ እሁድ ነው።
ጎህ ሳይቀድ ያው ጩኸት በቁልቁለቱ መጣ።
ብርድ ልብሴን ስቤ ተኝቼ ቆጠርኩ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እስከ አሥራ አንድ።
ከአንዱ ኋላ ተፈናጦ መብራት የያዘ አለ፣
ድምፅ የለውም፤
እሱንም ቆጠርኩት።