ሚስማሩ

ከእኔ በፊት የነበረው፣ ቢሮውን ሲያስረክበኝ፣
ዲግሪውን ከግድግዳው አወረደ፤ ሚስማሩን ተወልኝ።

ቂርያት ጋት ነው፤ ከሐዲዱ ማዶ፣ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት፣
በመጥረጊያ የገባሁበት፣ የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
መጀመሪያ ወለሉን አወቅሁ፣ የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት፣
ቀጥሎ ቺንጋውን፣ ሲያረጅ እንዴት እንደሚያቃስት፣
ቀጥሎ ሰዉን፦
ሱዓድ ዝም ካለች፣ ልጇን አሞታል ማለት፣
ቦሪስ ካንጎራጎረ፣ ወገቡ ነው የጠናበት።

ለኃላፊነት ስወዳደር፣ ፎርም ሰጡኝ በዕብራይስጥ፤
ብዕሬ ቆሞ ቀረ፣ «ዲግሪ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ።
በአንድ ሌሊት ሺህ ሣጥን የምሞላ ሴት፣
አንዲቷ አቃተችኝ፤ ባዶዋን መለስኳት።

ጠያቂው ወጣት ነበር፤ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣
«እና ዘርፌ፣ ምን ተማርሽ?» አለ፤
ጆሮዬ ግን ግድግዳ አልፎ፣ ከማሽኖቹ ጋራ ውሏል።
«ይቅርታ» አልኩት፣ «አስቁሙልኝ፤ ሦስተኛው ቺንጋ ሊበጠስ ነው።»
ሳቀ።
ተበጠሰ፣ ሳቁን ሳይጨርሰው።

ለዚያ ብለው ግን አልሾሙኝም።
ሁለት ባለዲግሪ መጡ፤ ሥራ አስለመድኳቸው፤ ሄዱ፤
ሦስተኛ ሲያጡ ነው፣ ወደ እኔ የወረዱ።

አርባ ሁለት ሰው አዛለሁ። ቦሪስ ብቻ ነው «አለቃ» የማይለኝ፣
የመጀመሪያው ሌሊት ባልዲዬን ሲያነሣልኝ፣
እጄ ሲንቀጠቀጥ ስላየኝ።

ሚስማሩን ልነቅለው ነበር፤ ቆይቶ ሥራ አገኘሁለት፦
የተረኞች ስም ዝርዝር፣ በእርሳስ፣ ስርዝ ድልዝ የበዛበት።
ዛሬ ሱዓድን ከሌሊት ወደ ቀን አዛወርኳት።
«ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ።
እሱንም ባዶ ተውኩት።