ተንሳፋፊ

ብሩ ተንሳፈፈ አለን ራዲዮኑ፤
ጥቅሙን አብራሩልን እነምሁራኑ።
እንድሪስ ታንኳ ሠሪው ደንገል እያሰረ
ሳቀ፦ «መንሳፈፍማ ሥራዬ ነበረ።
አዲስ ታንኳ ሁሉ ከውኃ በላይ ነው፤
ውስጥ ውስጡን የጠጣው ነው ኋላ የሚያሰጥመው።»

ከዘንባባው ማዶ፥ ምክር ቤት አዳራሽ፥
ድምፅ የሰጠናቸው፥ «አንተ አፍራሽ!» «አንተ አፍራሽ!»
እየተባባሉ፥
አንዱ ወደ ዘጌ፥ ሌላው ወደ ጎርጎራ
ይቀዝፋል፤
መሐል ተሳፋሪው ይቆጥራል ኪሳራ።

ልጁ መኪያ በዚያው ብር ዘይቱን አጋምሳ
መጣች። እንድሪስም ቀስ ብሎ ተነሣ፤
አሮጌውን ታንኳ ከጣና ጎትቶ
ፀሐይ ላይ አሰጣው።
የምርጫው ቀለምም ከአውራ ጣቱ ጠፍቶ፥
ከጥፍሩ ሥር ብቻ
ጥቂት ቀርቶ ነበር።