ውልና ልቃቂት

በመጋቢት ነበር፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ጥቁሯን ፒክአፕ ያየኋት፣ ከቲሊ ሱቅ ደጃፍ፤
አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ግን ታጥባ፣ ተወልውላ፣
እንደ ሙሽራ ቆማ፣ ባንዲራ አንጠልጥላ።

የሎብስተር ወጥመድ መጫኛ፣ የማገዶ ማመላለሻ፣
ጉልበቴ ሲከዳኝ የቀረኝ መሸሻ፣
ያስፈልገኝ ነበር።
ሌስተር ቲሊ ሳቀ፣ ጥርሱ እስኪያልቅ ድረስ፤
«አምብሮዝ፣ ጎንበስ በል፣ ሆዷን እይ፣ ዳስስ።»
ጎንበስ አልኩ፣ ዳሰስኩ፤ ጥቁር ነው፣ ለስላሳ፤
የትኩስ ቀለም ሽታ አፍንጫዬ ሰማ፣ ልቤ ግን ረሳ።

በኛ በኒውፋውንድላንድ ክረምት መንገድ ጨው ይልሳል፤
ጨው ደግሞ በተራው ብረት ይጨርሳል።
አውቃለሁ። ፈረምኩኝ። ውሉ ላይ በደቃቅ
«እንዳለ ተሸጧል» የሚል ቃል አለ፤ ማን ያንብብ፣ ማን ይጠይቅ?
የራሴን አሮጌ፣ ለዋጋው ማሟያ፣
ለሌስተር ሰጠሁት፤ ቁልፏን ከነማንጠልጠያ።
(ስለሷ በኋላ፤ አሁን አትጠይቁኝ።)
እጄን ጨብጠውኝ በፈገግታ ሸኙኝ።

ሦስት ሳምንት ቆየን። ዘይት ልቀይር ብዬ፣
ዳሬል ጋ ወሰድኳት። «ና እስቲ፣ አጎትዬ፣»
አለና መዶሻ ቻሲው ላይ አሳርፎ
ነካ አደረገው። ገባ። ብረቱን አልፎ።
ከጥቁሩ ቀለም ሥር ቀይ ዱቄት ፈሰሰ፤
እንደ ከረመ ብስኩት እጁ ላይ ፈረሰ።

ዩኒስ አልጮኸችም። ክሯን በፌስታል ይዛ፣
«ንዳ፣» አለች። ተነሣን፣ በውርጭ፣ በጤዛ።

ቲሊ ውሉን ዘርግቶ ጣቱን አሳረፈ፦
«‹እንዳለ› ይላል። እና እጅህ አይደል የጻፈ?»
ጠረጴዛ መታሁ፦ «ቀለም ቀብተህ ሸጥክልኝ!»
«ቀለም ያልነካው ነገር ካለ፣ እስቲ ንገረኝ?
ፊርማህም ቀለም ነው።»
ይኼስ እውነቱን ነው።

ዩኒስ ግን ከጥጉ ሶፋ ላይ ተቀምጣ
ልቃቂቷን ፈታች። ደንበኛ ሲመጣ፣
«ቆንጆ ቀን ነው፣» ትላለች፤ «ፒክአፕ ፈልጋችሁ ነው?
የኛን ሂዱና እዩዋት፤ መዶሻው ወንበሩ ላይ ነው።»

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ ሹራቡ እጅጌ አበቀለ፤
ሁለት ገዢ መጥቶ፣ አይቶ፣ «ነገ» እያለ
ሄደ። ሐሙስ ዕለት ሌስተር ጠራኝ ከጓሮ፦
«ና፣ እኔም ላሳይህ።» ሳቁ አልነበረም እንደ ድሮ።

አሮጌዋ መኪናዬ ሊፍት ላይ ተሰቅላለች፤
ካምቢዮዋ ተፈቶ ዘይት ታንጠባጥባለች።
ከዘይቱ ጋር ወፍራም፣ ቡናማ ነገር ወረደ፤
በጣቱ አሸት አድርጎ፣
«ሰጋቱራ፣» አለ። ፊቴ ነደደ።

ጥርሱ ያለቀ ማርሽ እንዳይጮህብኝ ብዬ፣
ከጀልባ መሥሪያዬ ወለል ሁለት እፍኝ ጥዬ፣
ክዳኑን አጥብቄ ነበር የሰጠሁት።
ለዩኒስ እንኳ አልነገርኳት።

እሱ ሰጋቱራውን፣ እኔ ዝገቱን ይዤ
ቆምን። የባሕር ወፍ ጣሪያው ላይ ይጮሃል።
ማን ይከሳል ማንን? ማን ይቅር ይለዋል?

ቢሮ ገባን። ውሉን ቀደደው፤ ለሁለት፣ ለአራት።
ገንዘቤን መለሰ፣ ሦስት መቶ ዶላር ቀንሶ፤
«ለዘይትና ለሙያተኛ፣» አለ። አልተከራከርኩ ጨርሶ።
«አሸነፍክ?» አለች ዩኒስ። ቁልፉን አሳየኋት።

ወደ ቤት ስንመለስ ማርሹ እሪ ይል ጀመር፤
ያለ ሰጋቱራ፣ እርቃኑን፣ ያለ ነውር።
«ይኼ ድምፅ ምንድን ነው? ድሮ ነበር እንዴ?»
ዝም አልኩ። መንገዱን አየሁ አንዴ፣
አንዴ በመስኮቱ በኩል ወደ ባሕሩ።
ጭኗ ላይ ልቃቂቱ ተተብትቧል ክሩ።
«ውሉ ጠፋኝ፣» አለች፤ «ቁም እስቲ ከዳር።»
ቆምኩ። ሞተር አጠፋሁ። ዝም አለ ሁሉ ነገር።
እሷ ክሩን ትፈታለች፤ እኔ ቃል እፈልጋለሁ፤
መጀመሪያው የት ነው? ከየት እስበዋለሁ?
«ዩኒስ...» አልኩ። ቀና አለች። ጣቷ ጫፉን ይዞ ነበር።
«አገኘሁት፣» አለች። «አሁን አንተ ተናገር።»