ፎጣው ይቅደም

ሐሙስ ነው፣ ጌንት ነው፤ ጣሪያው ላይ ዝናብ አለ፣
ከታች በሐዲዱ ትራሙ ደወለ።
እጄን ታጥቤያለሁ፣ ሽታ በሌለው ሳሙና፣
ቅባት የነካው ሌንስ ቀኑን ይጋርዳልና።
አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ፣
ሌንሱ በጎማዋ ጫፍ፣ ጎማዋ በእጅ፣
እስከ አፉ ሞላሁት በጨው ውሃ ጠብታ፣
አረፋ እንዳይገባ፣ ሳልተነፍስ ላንድ አፍታ።
እንባ ካይን ይወርዳል፣ ሲሉ ነው የሰማሁ፣
እኔ ጧት ጧት ዓይኔን ወደ እንባ አወርዳለሁ።

የግራው ገባልኝ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ተጣበቀ፣
የፊት ለፊቱ ቤት ቁጥሩ ታወቀ።
የቀኙን ግን (ነጥብ አለው፣ ቀኝ መሆኑ እንዲለይ)
ሳነሳው አመለጠኝ፤ ቀጭ! አለ መታጠቢያው ላይ፣
ዞረ እንደ ሳንቲም፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
ገባ ከጉድጓዱ፣ ተከተለው አንጀቴ።

‘ፎጣው ይቅደም’ ብላ፣ ሊስቤት ከመጀመሪያው ቀን፣
ሦስት ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ ‘መጀመሪያ ድፈን
ጉድጓዱን በፎጣ፤ ከዚያ ነው ዓይንህን።’

አራት ዓመት ሆነኝ ይህን ከለመድኩ፣
መጀመሪያ ሰሞን ስንት ጊዜ ደገምኩ፤
አረፋ ስትገባ፣ እንደ ዝንብ በመስኮት፣
አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ሞልቶ፣ እንደገና መክተት።
ቀትር ላይም ውሃው ሲሆን እንደ ጠላ፣
ከሥራ ተነሥቶ መቀየር በሌላ።
ይህን ሁሉ ችዬ፣ በጨርቅ ተሸነፍኩ።

ከታች ቤት ያሉት አቶ ሮላንድ፣ በፒጃማ፣
መፍቻ ይዘው መጡ ጩኸቴ ሲሰማ።
ቧንቧውን ፈቱና ዝቃጩን ደፍተው፣
ፀጉርና ቅባቱን በጣት አሽተው፣
ጠርዟ ተሸርፋ፣ ‘ይህች ናት?’ አሉኝ፣
‘አዎ፣ ዓይኔ’ ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ።
‘ስንት ነው?’ ቢሉኝ ዋጋውን ነገርኳቸው፣
‘ብስክሌት ይገዛል!’ አሉ፣ ገረማቸው።

ለሊስቤት ደወልኩ፤ ‘ልኬትህ መዝገብ ላይ አለ፣
ግን እንለካው ደግሞ፣ ምናልባት ከሾለ።
ጠብቅ ሁለት ሳምንት፤ ኢንሹራንስህ ደሞ
አይከፍል ይሆናል፣ ጊዜው ሳይደርስ ቀድሞ።’

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ በቀኜ በኩል፣
ጨረቃ ሰባት ናት፣ ሰው ሁለት ሰው ያህል።
ከድልድዩ ማዶ እጁን ላነሳ ሁሉ
አጸፋ ሰጠሁኝ፣ ይኮራል እንዳይሉ።
‘ትናንት ዘጋኸኝ’ ሲል ክንፈሚካኤል፣
ልምል አፌን ከፍቼ ቀረሁኝ ሳልምል፤
‘ዓይኔን ግንባር ያርገው’ በዚህ ዓይን ማን ይል?

መጠገኛው ቤት ውስጥ ቸርኬ ሳቃና
ሽቦው እጥፍ ሆነ፣ ቀጥ ያለው ጠፋና፤
ጨፈንኩ ሁለቱንም፣ እንደ ክራር ቃኘሁት፣
የላላውን ሽቦ በድምፁ ለየሁት።
አንዷ ደንበኛዬ፣ ‘እንዲህ ቀንቶ አያውቅም’ ብላ፣
ፔዳሏን ረግጣ ሄደች፣ ሳንቲም ጥላ።
ሳላይ እንዳቃናሁት አልነገርኳትም።

ማክሰኞ ከሰዓት ሊስቤት ጠራችኝ፣
በሰማያዊ ብርሃን ዓይኔን ፈተሸችኝ፤
ቢጫ ቀለም ጨምራ ክፍተቱን ለክታ፣
‘ሾሏል፣ የፀጉር ያህል’ አለች ጥቂት ቆይታ።
‘አዲሱ ግን ከላዩ ዘሎት ነው የሚያልፈው፣
እንደ ድንኳን ጠርዙ ነጩ ላይ ነው የሚያርፈው።’

ወጣሁ። ከግንቡ ላይ ጡብ ከጡብ ተለየ፣
በቦዩ ውሃ ውስጥ የዳክዬ እግር ታየ።
አቶ ሮላንድ ቤት ቸኮሌት ይዤ አንኳኳሁ፣
ያን ጧት ሌንሴን እንጂ ፊታቸውን መች አየሁ!
ሁለት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣
የሪባኑን ቋጠሮ ፈታው ጣታቸው።
‘ሐኪም ቤት ይሂዱ’ ብል፣ ‘ተራ ይዣለሁ፣
እስከዚያው ግን’ አሉኝ፣ ‘ቧንቧ እፈታለሁ።’

ማታ፣ ጎማዋን ጠርዙ ላይ አሳርፌ፣
ሳብኩት፤ በማጽጃው አሸሁት በመዳፌ፤
የቧንቧ ውሃ ሳይነካው ሳጥኑ ውስጥ ተኛ፣
ቀኙ በስተቀኝ፣ ነጥቡ እንደ ዘበኛ።
የተሸረፈው አልተጣለም፤ በክብሪት ቀፎ፣
ጥጥ ላይ ተኝቷል፣ ከምላጩ ጎን አርፎ።

ነገ ጧት ሳሙና፣ ጨው ውሃ፣ አንገት መድፋት፤
ግን መጀመሪያ፣
ፎጣው።