ትንታ

ዌልስ ውስጥ ዝናቡ ከሰማይ አይወርድም፤
ከጎን ነው የሚመጣው፣ አንገትጌ አይምርም።
ገና አልነጋም። ካርማርተን፣ ማደያው፣ ፓምፕ ቁጥር አራት፤
ኤምሪስ ፕሪቻርድ ቆሟል፣ ከታንኩ አፍ ፊት ለፊት።
ሃያ አራት ቶን የበግ መኖ ከጀርባው ጭኗል፤
ፊሽጋርድ ወደብ ላይ መርከብ ቀጥሮታል፣
ሰው የማይጠብቅ መርከብ።

አፈሙዙን ሰደደ፣ እጀታውን ጨመቀ፤
ናፍጣው ተንደቀደቀ፣ ሦስት ሊትር ዘለቀ፤
ከዚያ
ቀጭ።

ትን አለው ታንኩን።
አጥሚት በግድ እንደሚግቱት ሕፃን
አረፋውን መልሶ ተፋ፣
በጓንቱ፣ በክንዱ፣ በጃኬቱ ላይ ደፋ።
"ጠጣ እንጂ!" አለው፣ በዌልስኛ፣ በለሆሳስ፤
ደግሞ ጨመቀ፣ ቀስ ብሎ፣ ቁስል እንደሚዳስስ።
አራት ሊትር።
ቀጭ።

ያለፈው መኸር ነው፤ መንገድ ዳር ተኝቶ
ሌባ ደረሰበት፣ ቱቦውን አንግቶ፤
ሁለት መቶ ሊትር መጦ መጦ ሄደ፤
ጠዋት ቁልፍ ቢያዞር፣ ሞተሩ ሳል ብቻ ወለደ።
ጅብ ከሄደ ወዲያ ጮኸ አለቃ ሄድዊን፤
በየታንኩ ጉሮሮ ሰካ የብረት ወንፊቱን።
ቱቦ አያሾልክ፣
ጣት አያሾልክ፣
ናፍጣም ቢሆን አያሾልክ፣
በማንኪያ ካልሰጡት፣ በመድኃኒት ልክ።

በነጂና በነዳጅ መሐል ድሮ
አንዲት "ዳ" ብቻ ነበረች፤
ዛሬ እሷም "ዕዳ" ሆነች።

ከኋላው ቪታውታስ፣ ከሊቱዌኒያ የመጣው፣
መብራቱን አንዴ ብልጭ፣ ሁለቴ ብልጭ አደረገው።
ከሱ ኋላ ወተት ጫኝ።
ከወተት ጫኙ ኋላ፣ በትንሽ ቀይ መኪና
አንዲት ነርስ፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣች፣
መስመር ተሳስታ ገብታ መውጫውን ያጣች።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ማይር ናት፦
"ቁጥር አራት፣ ችግር አለ?"
"የለም፣ ማይር፤
ሌባ አለመሆኔን እያጣራ ነው።"

ቪታውታስ ወረደ፣ ተቆጥቶ፣ በሩን ወርውሮ፤
ደርሶ ወንፊቱን ሲያይ ቁጣው ጠፋ በኖ።
እጅጌውን ገለበጠለት፦ እስከ ክርኑ
የናፍጣ ካርታ፣ የማይታጠብ፣ ደሴት በደሴት።
"ግማሹን ብቻ አስገባ። ወደ ግራ አዘንብል።
ትንፋሽህን ያዝ።"
"ትንፋሼ ምን አገባው?"
"እኔ እንጃ። እኔ ግን እይዛለሁ።"

ያዙ ሁለቱም።
ሁለት ጎልማሳ፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ዝናብ ላይ።
ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣
አሥራ አንድ ሊትር!
ቀጭ።
ሳቁ። ምን ያድርጉ።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ላይ ሲደርስ፣
መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ጠራችው ያቺ ነርስ፦
"ይቅርታ ጌታዬ፣
መኪናህ ከሥር እየደማ ነው።"

ጎንበስ አለ።
ከታንኩ ሆድ ሥር፣ ምስማር የምታህል ቀዳዳ፣
ጠርዟ የሚያብለጨልጭ፣ ትኩስ የመሰርሰሪያ ጓዳ፤
ትናንት ሌሊት መሆን አለበት፣
ሰው መጥቶበት ሳይጨርስ የሸሸ እጅ።
ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ተዘርግቷል፤
በትንፋሽ የገባው በጠብታ ይወጣል።
ሌባው ከጉሮሮው ጋር ምን አከራከረው?
ሆዱን ነው የጠየቀው።

ማይር ከሱቅ ሳሙና ይዛ ሮጠች፣
ዋጋውንም ረሳች።
ቪታውታስ ጀርባውን ኩሬ ላይ አንጋሎ
ሳሙናውን ፈተገ፣ ጨምቆ፣ ጠቅጥቆ፤
ነርሷ የእጅ ባትሪ ያዘችለት፣
ወተት ጫኙ ጥላ።
ቀዳዳዋ ዝም አለች።

ወደ ባሕሩ በኩል ሰማዩ ግራጫ ሆኗል።
ኤምሪስ ሰዓቱን አላየም።
አፈሙዙን አነሳ፣
ግማሹን ብቻ አስገባ፣
ወደ ግራ አዘነበለ፣
ሦስቱም ከኋላው
ትንፋሻቸውን ያዙ።