የፒያኖ ቃኚዋ መኪና

ከኩታይሲ ወጥታ፣ ዳገቱ መሃል ላይ፣
ጭጋጉ ሳይገለጥ፣ ሳይፈካ ሰማይ፣
ከመሪዋ ኋላ ቢጫ መብራት በራ፤
ኤሊ የሚመስል፣ ቃል የማያወራ።

ኤቴሪ አልቆመችም። ፒያኖ ቃኚ ናት፤
ትቂቡሊ ላይ ሦስት፣ ድምፃቸው የሻከረ፣ ቀጠሮ አለባት።
ቁልፏና ሹካዋ፣ ያ ቁራጭ ሱፍ ጨርቋ፣
ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ታስሮ፣ እንደ ሕፃን፣ ዕቃዋ።

ሬዲዮውን ዘጋች፤ ጆሮዋን ሰጠችው።
ከሞተሩ ጓዳ አንድ ቀጭን ፉጨት አገኘችው፤
እግሯን ስታነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣ፣
ስትረግጥ የሚውጠው የነዳጁ ቁጣ።
«ከ‹ሲ› ትንሽ ዝቅ ይላል» አለች ለራሷ፤
ልማድ ነው፤ ጉድለትን በድምፅ መጥራት ነው ምሷ።

የእህቷ ባል ኖዳር፦ «ጥቁር ፕላስተር አለኝ፤
የኔን ሸፍኜው ይኸው አራት ዓመት፣ ምንም አልነካኝ።»
በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤
የኖዳር መኪና አምና ከዘስታፎኒ
በገመድ ነው የመጣችው፤ ይህን አያነሣውም።

መስተዋት ያለበት፣ ወለሉ የሚያበራ
ጋራዥ ገባች። ሬዞ የሚሉት ጎረምሳ
ማሽኑን ሰካና ከመኪናዋ አወራ።
«ፒ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሰባት፣ አንድ» አለ እንደ ሎተሪ ጠሪ።
«ነዳጁ ሳስቷል፤ አየር በዝቶበታል፣ እትዬ ኤቴሪ።
የኦክስጅን ሴንሰሩ ይቀየር፤ ካልሆነ መርጫዎቹ፤
ካልሆነ የነዳጅ ፓምፑ። እንዲህ ናቸው የድሮዎቹ።»
ዘጠኝ መቶ አርባ ላሪ። ወረቀት ላይ ጻፈው፤
ከሥሩም ሁለት ጊዜ በብዕሩ አሰመረው።

ኤቴሪ ሒሳቧን በፒያኖ ነው የምታሰላ፤
ስድሳ ላሪ አንዱ፤ ነዳጅና ምሳ ከራሷ ነው፣ ሌላ።
አሥራ ስድስት ፒያኖ! ሰማንያ ስምንት ቁልፍ በአሥራ ስድስት፣
ጎንበስ ብሎ መክረም፣ እስኪደርቅ አንገት።
ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ፣ «ጥርስ» የተባለ ፖስታ አለ፤
አራት መቶ አሥር ላሪ፣ ዓመት የፈጀ፣ ያልጎደለ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤
እጇ ብዕሩን ይዟል።
ግን አሰበች፦ አንድ ክር ቢፈታ
ሰማንያ ስምንት መዶሻ ይቀየራል ወይ በአንድ ማታ?
በጣት ነው የሚኬደው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ።
ይሄ ቁጥር ትኩሳት ነው፤ ወባ ይሁን ብርድ
ገና አልተናገረም።
የምርመራውን ሃያ ላሪ ከፍላ ወጣች፤ አልቆጫትም።

ከሪዮኒ ማዶ፣ ባቡር የተወው ሐዲድ አጠገብ፣
ሙርማን የሚባል ሽማግሌ አለ፣ በብረት ክምር መሃል የሚሳብ።
ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ኖሮ
ግራ ጆሮው ደንቁሯል፤ ቀኙም ሊከተለው ነው ዘንድሮ።
«ያፏጫል» አለችው። «ምን?» «ያፏጫል!» «ማን?»
«እንግዲያ አንቺ ስሚ፤ እኔ በሳሙና ውሃ ልንካ እያንዳንዱን።»

ረጨ። ያው ነው። ረጨ። ያው ነው። ከማኒፎልዱ ጀርባ፣
እጅ በጭንቅ በሚገባበት፣ ሲረጭ፣ ፉጨቱ ዝም አለ፤
ጡት እንዳገኘ ሕፃን፣ አረፋውን ሲጠባ።
«እዚያ!» አለች።
ጣት የምታህል ቱቦ፣ ላስቲኳ የደረቀ፣
ክርኗ ላይ ስንጥቅ፣ ከፀጉር የረቀቀ።

አሥራ አራት ላሪ ቱቦዋ። ለእጁ ሃምሳ አለ፤
ሠላሳ አለች። አርባ። «ጆሮውንስ ማን ከፈለ?»
ሳቀ፣ ወይም ሳለ፤
ሠላሳ አምስት ላይ ቆመ። ቢጫውንም አጠፋላት። «ተመልሶ ከበራ
ሌላ ነገር ነው» አለ፣ «ዋስ አልሆንም ለጃፓን ሥራ።»

ማታ ከፖስታው ላይ ስድሳ ዘጠኝ ቀነሰች፤
«ሦስት መቶ አርባ አንድ» ብላ በእርሳስ ጻፈች።
ግራ መንጋጋዋ ይታገሣታል፤ እስከ ፋሲካ
በቀኝ ታኝካለች፣
ያውም መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና ጋር ተላምዳ፣ ለምዳ።

በማግስቱ ዳገቱ ላይ ዓይኗ መንገዱን ትቶ
ወደዚያ ጥቁር ነጥብ ይሄዳል፣ ይመለሳል።
መብራት የለም። ፉጨት የለም።
ሬዲዮውን ግን እስካሁን አልከፈተችውም።